ስለቱ የገባ ሰሞን

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶኑ ከሚጀምርበት ጥግ ላይ አንዲት ኮንቴነር አለችኝ። ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የተማሪ ማሟያ ጽሑፍ እተይባለሁ፣ መታወቂያ ላሚኔት አደርጋለሁ። የሠፈሩ ሰው የሚያውቀኝ በዚህ ነው። በ2015 ዓ.ም. ለሁለት ወር ያህል ግን በሌላ ነገር ነበር የሚያውቀኝ፤ ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ነው። ታላቅ እህቴ እታለም «ጻፈው፤ የዕቁቡ ሰዎች ግን እንዳያዩት» ብላኛለች። የዕቁቡ ሰዎች ሆይ፣ ካያችሁት ዕዳዬን ጨርሻለሁ።

የጀመረው ጥር ላይ ነው። «ደበረኝ» የሚለው ቃላችን ረክሷል፤ መብራት ሲጠፋም ደበረኝ፣ ኳስ ስንሸነፍም ደበረኝ ነው። ሐኪሞቹ «ድባቴ» የሚሉት ከዚያ ለመለየት ይመስለኛል፤ ለጆሮ ባይጥምም ልክ ናቸው። የኔ እንዲህ ነበር። አንድ ጠዋት አንዲት እናት የቀበሌ መታወቂያቸውን ፊትና ጀርባ ኮፒ እንዳደርግላቸው ሰጡኝ። መታወቂያውን መስታወቱ ላይ አስቀመጥኩ፣ ክዳኑን ከደንኩ። የቀረችው አረንጓዴዋን ቁልፍ መጫን ብቻ ናት። ጣቴ እምቢ አለች። እንደሚጫን አውቃለሁ፣ መጫን እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ ግን ከእኔ እስከ ቁልፏ ድረስ ያለው መንገድ ከአባዶ መርካቶ በእግር እንደመሄድ ሆነብኝ።

«መብራት የለም እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

«የለም» አልኳቸው። ማሽኑ እያጉረመረመ፣ ከራሴ በላይ አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቶ። ሴትዮዋ አምፖሉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ክዳኑን ራሳቸው ከፍተው መታወቂያቸውን ይዘው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ኮንቴነሯን አልከፈትኩም። በቀን 14 ሰዓት እተኛ ነበር፤ ስነሳ ደግሞ ያልተኛ ሰው ነኝ። እታለም ከላይ ከአራተኛ ፎቅ ምሳ ይዛልኝ ትወርዳለች፣ ማታ ሳይነካ ይዛው ትወጣለች። እማዬ ከደብረ ብርሃን መጣች። ዓይነ ጥላ ነው ተባለ፣ መተት ነው ያለም አልጠፋ። እንጦጦ ማርያም ሰባት ቀን ተጠመቅሁ። ፀበሉን የሚያጣጥል ነገር ከእኔ አትጠብቁ፤ በእነዚያ ወራት ከአልጋ ያስነሳኝ ብቸኛ ነገር የእማዬ «ተነስ፣ ፀበል እንዳያልፈን» ማለቷ ነበር። ሐኪም ቤት የወሰደችኝም እሷው ናት። «አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪውን መድኃኒትና ፀበሉን አብራችሁ ውሰዱ አላሉም? ያንተው በምን ይለያል?» አለች። መልስ አልነበረኝም፤ ለነገሩ ያኔ ለምንም ነገር መልስ አልነበረኝም።

የሄድንበትን ክሊኒክ ስም አልጠራም። ባለሙያው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ኮሪደሩ ላይ 20 ሰው ተኮልኩሎ እየጠበቀው ነበር። እንቅልፍ ጠየቀኝ፣ የምግብ ፍላጎት ጠየቀኝ፣ ተስፋ መቁረጥ፣ ሞትን መመኘት ጠየቀኝ። ሁሉንም በሐቅ መለስኩ። ፍሉኦክሴቲን የሚባል ፀረ ድባቴ መድኃኒት አዘዘልኝ፤ 20 ሚሊ ግራም፣ ጠዋት ጠዋት አንድ። «ለመሥራት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጅበታል፤ በራስህ እንዳታቋርጥ» አለኝ። የነገረኝ ሁሉ ትክክል ነው። ደስ ብሎኝ ስለሚያውቅበት ጊዜ ግን አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም፤ ታሞ የሄደ ሰው ስለ ጤንነቱ ዘመን ምን ብሎ ያወራል?

ክኒኑን የጀመርኩት መጋቢት 12 ነው። መጀመሪያ ሆዴን አገላበጠኝ። ከዚያ ምንም። አራተኛው ሳምንት ላይ፣ ከፋሲካ በፊት ባለው ሐሙስ ይመስለኛል፣ የጎረቤት ሽሮ ሸተተኝ። ለሦስት ወር ምንም ሸቶኝ አያውቅም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ያንን ሽታ እየማግኩ አለቀስኩ። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

አላቆመም። የፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን መጥተን ሁሉም ተኛ፣ እኔ አልተኛሁም፤ አልደከመኝማ። በማግስቱም ሦስት ሰዓት ተኝቼ ከንጋቱ 10 ሰዓት ላይ ኮንቴነሯን ከፈትኩ። ለሠፈሩ ጥበቃ ሻይ አፈላሁላቸው። ማሽኑን ፈትቼ አጸዳሁ። ታክሲ የሚጠብቀውን ሰልፍ ሁሉ «እንዴት አደራችሁ» እያልኩ ከፊት እስከ ኋላ ጨበጥኩ።

እታለም ተስላ ነበር። «ኪዳነ ምሕረት፣ ወንድሜን ካነሳሽልኝ ጥላ አገባለሁ» ብላ። ሚያዝያ 16 ስለቷን ልታስገባ ሄድን፤ ክኒኑን ከጀመርኩ አምስተኛው ሳምንት ነው። ወይን ጠጅ ከፋይ፣ ዙሪያው ወርቅማ ዘርፍ ያለው ጥላ። እኔ ካልያዝኩት ብዬ ተቀብያት ዘርግቼው ገባሁ። እልልታው! እማዬ መሬት ስማ አለቀሰች። ጸሎቱ አልቆ ሰው ሲበተን እኔ አልተበተንኩም። ግቢው ውስጥ ያገኘሁትን ሁሉ ይዤ ምስክርነት ሰጠሁ፤ ለዲያቆኑ የሰንበቴውን መዝገብ በኮምፒውተር እንዴት እንደምሠራለት፣ ቀጥሎ የክፍለ ከተማውን፣ ቀጥሎ የሀገረ ስብከቱን አስረዳሁት። ሁሉም ይስቃል፣ ደስ ብሎታል። መምሬ ብቻ ትክ ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ትናንት ማታ ተኝተሃል?» አሉኝ።

«እንቅልፍ ምን ያደርጋል አባ!» አልኳቸው። ሰዉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ክሊኒኩ ውስጥ ያልተጠየቅኩትን ጥያቄ የጠየቁኝ የመጀመሪያው ሰው መምሬ ናቸው። አማርኛችን ለዚህ ነገር ያለው ቃል ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ «አበደ» ወይ «ተባረከ»። ጨርቁን እስካልጣለ ድረስ ማንም አበደ አይልም፤ ስለዚህ ለሦስት ሳምንት ተባረክሁ።

በዚያው ሰሞን ዕቁብ ወጣልኝ። 40 ሰው፣ በሳምንት 3,000 ብር፣ ዕጣው 120,000። ዋሴ የእታለም ባል ነው። ገንዘቡን በተቀበልኩ ማግስት መርካቶ ሄጄ ሁለት ያገለገሉ ትልልቅ ፎቶ ኮፒ ማሽኖችና ከአንድ ዓመት በላይ የሚበቃ ወረቀት ገዛሁ። በየብሎኩ ሥር አንድ አንድ ማሽን ልተክል ነው። ኮንቴነሬ ግን ለአንዱም ስለማትበቃ ማሽኖቹ በላስቲክ ተጠቅልለው ደጅ አደሩ፤ እኔም ለእነሱ ዘብ። ለከንቲባው ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ጻፍኩ፤ 41 ገጽ፣ በድርብ መስመር እንኳ ያልተለያየ። ማመልከቻ ከአንድ ገጽ ካለፈ ማንም አያነበውም ብዬ ለደንበኛ የምመክር ሰው ነኝ እኮ። አሁንም ኮምፒውተሬ ላይ አለ። 17ኛው ገጽ ላይ ያለችው ስለ ቆሻሻ አነሳሷ ሐሳብ፣ እውነቴን ነው፣ መጥፎ አይደለችም።

ሌሊት ሌሊት እሄዳለሁ። ከብሎኮቹ ጀርባ፣ ሜዳው ከሚጀምርበት፣ ጅቦቹ ይጮሃሉ፤ እኔ እመልስላቸዋለሁ።

ከዚያ ደስታው ሄደ፣ ጉልበቱ ግን ቀረ። ይህቺን ነጥብ አስረግጬ ማስረዳት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ከውጭ ለሚያይ ሰው አትታይም። ጥር ላይ ሞትን ስመኝ ከአልጋ መውረድ አልችልም ነበር። ግንቦት ላይ ያው ጨለማ ተመለሰ፤ አሁን ግን የማይተኛ፣ የማይቀመጥ፣ ሐሳቡ እንደ ተበላሸ ማሽን ወረቀት እየተፋ የማይቆም ሰውነት ውስጥ ነው የመጣው። እማዬን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮህኩባት። ሐኪሞቹ ይህን «ቅይጥ» ይሉታል፤ ድባቴውና ማኒያው፣ ማለትም ያ ከልክ ያለፈ ጉልበትና የሐሳብ ሩጫ፣ በአንድ ላይ፤ ሰው ራሱን የመጉዳት አደጋው ከሚከፋባቸው ጊዜያት አንዱ ነው። እታለም ያን ማታ በሩ ላይ ፍራሽ አንጥፋ ተኛች። ሲነጋ፣ ባሏ ከአንድ ጎን፣ እሷ ከአንድ ጎን ሆነው ሆስፒታል ወሰዱኝ።

እዚያ ያየችን ሐኪም ከእኔ ጋር ብዙም አልተከራከረችም። ወደ እማዬ ዞራ፣ «እናቴ፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ሳይተኛ የማይደክመው፣ ብዙ የሚያወራ፣ ብዙ የሚያቅድበት ጊዜ ነበረው? ክኒን ከመጀመሩ በፊት ማለቴ ነው» አለቻት።

እማዬ ሳቀች። «ኧረ የ2004ቱ!» ብላ ጀመረች። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ የምናወራት ቀልድ ናት። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ጨርሼ ለክረምት ስመጣ ሌሊቱን ቤቱን በሙሉ ኖራ ቀባሁት። ሲነጋ የጎረቤቱንም አጥር። በማግስቱ ሌሊት ደግሞ ያልተጠየቅኩትን የዕድሩን አዳራሽ፤ ሁለት ሳምንት እንዲህ። እማዬ እየሳቀች ትተርካለች፣ ሐኪሟ ትጽፋለች። እማዬ አጥሩ ላይ ስትደርስ ሳቋ ቀነሰ። አዳራሹ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ሳትጠየቅ፣ ቀስ ብላ፣ «ወንድሜም በሬዎቹን ሸጦ ግሸን በባዶ እግሩ ሄዶ ነበር። ዛር ነው ብለን ነው» አለች።

ለካ ከ11 ዓመት በፊት ጀምሮ የሕመሙ ታሪክ በቤታችን በየበዓሉ ሲወራ ኖሯል፤ የምንስቅበት እኛው ነን።

ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ የኔ ሕመም ባይፖላር ይባላል፤ ሰውን አንዴ ወደ ድባቴ፣ አንዴ ወደ ማኒያ የሚወስድ ነው። ባይፖላር ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ሲወድቅ ነው፤ ሲበር ማን ይሄዳል? ስለዚህ ፊት ለፊት የሚታየው ተራ ድባቴ ይመስላል። ለዚህ ሰው ፀረ ድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ አንዳንዱን ከጉድጓዱ አውጥቶ ጣራው ላይ ይሰቅለዋል። ሁሉንም አይደለም፤ መድኃኒቶቹም እኩል አይደሉም፤ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉት የቆዩት እና ቬንላፋክሲን ከእነ ፍሉኦክሴቲን ይልቅ ይህን የማድረግ ዕድላቸው ከፍ ይላል። ዓለም አቀፉ የባይፖላር ማኅበር ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ምክር፣ ሙሉ ማኒያ ላለበት፣ ባይፖላር አንድ ለሚባለው ሰው፣ ፀረ ድባቴ ያለ ስሜት ማረጋጊያ ብቻውን እንዳይሰጥ ብለዋል። ፍንጮችም አሉ፤ ድባቴው ከ25 ዓመት ዕድሜ በፊት ከጀመረ፣ ከወሊድ በኋላ ከመጣ፣ እየተመላለሰ ከሆነ፣ ዘመድ ውስጥ እንዲህ ያለ ታሪክ ካለ። አንዱም ማረጋገጫ አይሆንም፤ ግን ጠይቅ ጠይቅ ይላል።

ፍሉኦክሴቲኑ ቆመ፤ ስሜት ለማረጋጋት ኦላንዛፒንና ሶዲየም ቫልፕሮዬት ተጀመረልኝ። «ክኒኑ ከቆመ ሁለት ሳምንት ሆነኝ፣ ለምን አሁንም አልተኛም?» ብዬ ስጠይቅ፣ ፍሉኦክሴቲን ከሰውነት የሚወጣው እየተጎተተ እንደሆነ ሰማሁ፤ እሱና ጉበት ከእሱ የሚሠራው ቅሪት ተሟጥጠው እስኪያልቁ ሳምንታት ይወስዳሉ። በዚህ ምክንያት ሲቋረጥ የሚያመጣው መረበሽ ከሌሎቹ ይቀልላል። ሌሎቹን በድንገት ያቆመ ሰው ግን የሚያዞር፣ ጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ ውር ውር የሚል ስሜት ሊያመጡበት ይችላሉ።

ማረጋጊያውም በነፃ አልመጣም። ኦላንዛፒኑ በሦስት ወር ውስጥ 9 ኪሎ ጨመረልኝ። ቫልፕሮዬቱ እጄን አንቀጠቀጠው፤ በታይፕ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል አይደለም። «ሀ» ስመታ «ሀሀሀ» ይወጣል፤ የሰው ማመልከቻ ላይ የምስቅ ይመስላል። እታለም «እኔም ይህንኑ ብወስድስ፣ ለንዴቴ» ብላ ስትቀልድ ሐኪሟ አልሳቀችም። በእርግዝና ጊዜ ቫልፕሮዬት የወሰደች እናት ከምትወልዳቸው ከ10 ልጆች አንዱ ገደማ የአፈጣጠር ጉድለት ይኖረዋል፤ ከ10 ሦስት ወይም አራት የሚሆኑት ደግሞ የአእምሮ ዕድገታቸው ይጎዳል። መውለድ ለምትችል ሴት ሌላ አማራጭ እያለ አይሰጥም አለችን። ይህን የምጽፈው እዚህ ሠፈር ቫልፕሮዬት የሚጥል በሽታ መድኃኒት ተብሎ ብቻ ስለሚታወቅ ነው፤ ለዚያም ቢሆን ማስጠንቀቂያው ያው ነው። እየወሰደች ያለችም ብትሆን ሐኪሟን ታማክር እንጂ በራሷ አታቁም።

ክረምት ሲገባ እንደገና ወደቅሁ። ያኔ ፍሉኦክሴቲኑን ለመንኩ፤ «ማረጋጊያው እያለኝ ምን ችግር አለው?» ብዬ። ሐኪሟ ወረቀት አውጥታ ጻፈችልኝ። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ነው፤ 366 የባይፖላር ድባቴ ያለባቸው ሰዎች፣ ሁሉም ማረጋጊያ ላይ ያሉ። ለግማሾቹ ፀረ ድባቴ ተጨመረላቸው፣ ለግማሾቹ ባዶ ክኒን። ጸንቶ የቆየ ማገገም ያገኙት በፀረ ድባቴው 23.5 በመቶ፣ በባዶው 27.3 በመቶ። ማረጋጊያ ስለያዙ ወደ ማኒያ የመዞሩ ነገር ብዙ አልተለያየም፤ ጥቅሙም ግን አልታየም። «ከልክዬህ አይደለም፤ ያንተን እሳት አይተን ነው» አለችኝ። በምትኩ የኦላንዛፒኑን መጠን አስተካከለች፣ የእንቅልፍ ሰዓቴን አሰረችብኝ፤ ጫትና ቡና ከሰዓት በኋላ ክልክል። ጫት እኔ ለነገሩ አልቅምም፤ የተማሪ ማሟያ ጽሑፍ የሚያስተይቡኝ ልጆች ግን ሌሊቱን በእሱ ነው የሚያነጉት፤ አሁን ሳያቸው ደስ አይለኝም።

ሊቲየምም አውርተናል። አውስትራሊያዊው ጆን ኬድ እ.ኤ.አ. በ1949 ለማኒያ መጥቀሙን ያሳየበት ጨው ነው፤ እስካሁንም የሚተካከለው ጥቂት ነው። ግን በየጊዜው በደም ይለካል፤ ትንሽ ከፍ ካለ መርዝ ነው። ሰውነት ውኃ ሲያጥረው ከፍ ይላል፤ እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችም ከፍ ያደርጉታል። እኔ ደግሞ ፍልሰታን እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳልቀምስ የምጾም ሰው ነኝ፣ ወገቤን ባመመኝ ቁጥርም ዲክሎፌናክ ከፋርማሲ የምገዛ። «አንተ ጋ አይሆንም» አለች፤ ተሳሳቅን። ሊቲየም የሚወስድ ጿሚ ካላችሁ ከጾሙ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

በዚያው ክረምት፣ እጄ ሲረጋ፣ የአንዲት ተማሪ ማሟያ ጽሑፍ መጣልኝ። ቡታጅራ ላይ ስለ አእምሮ ሕመም የተደረገ ጥናት አለበት፤ ከ68,000 በላይ ሰው ተጠይቆ ባይፖላር አንድ ያለበት ከ200 ሰው አንድ ገደማ ተገኘ ይላል። እየተየብኩ ከመስኮት ውጭ ብሎኮቹን ቆጠርኩ። እኔ ብቻዬን አይደለሁም ማለት ነው፤ አንዱ ፎቅ ላይ ሌላ ኖራ ቀቢ አለ።

የዕቁቡ ነገር፦ ዕጣው የወጣልኝ በዘጠነኛው ሳምንት ስለነበር 31 ሳምንት ይቀረኝ ነበር፤ 93,000 ብር። አንዱን ማሽን በኪሳራ መለስኩ፣ ሁለተኛው እስካሁን በላስቲክ ተሸፍኖ አለ፤ የእታለም ድመት ትወልድበታለች። ዳኛው ነገሩን በሰው ፊት አላነሱብኝም። የእታለም ባል ሰባት ሳምንት ከደመወዙ ከፈለልኝ፤ እስካሁን አንድ ቃል አልተናገረኝም። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ወር 19 ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ የሐኪም ማስረጃ ኮፒ ሊያስደርግ መጣ። የሰው ወረቀት አላነብም፤ የሙያ ነገር ነው። የመድኃኒት ማዘዣው ግን አብሮ ተጣብቆ ስለነበር መስታወቱ ላይ ሳስቀምጠው «ፍሉኦክሴቲን» የሚለውን ዓይኔ ያዘው። ልጁ አረንጓዴዋን ቁልፍ እያየ ነበር፤ ያንን አተያይ አውቀዋለሁ። ጣለው አላልኩትም፤ ስንቱን ሰው ያቆመ መድኃኒት ነው፣ እሱንም ያቆመው ይሆናል። በእሱ ዕድሜ ላሉ ግን የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክትትል ይፈልጋሉ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ራስን ስለማጥፋት ሐሳብ የሚያስጠነቅቀውን ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2004 ለልጆችና ታዳጊዎች፣ በ2007 ደግሞ እስከ 24 ዓመት ላሉት ያስጨመረው ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ ቆሜ ላስተምረው አልችልም። «ቀጠሮህ መቼ ነው?» አልኩት። ነገረኝ። «እናትህን ይዘሃት ሂድ። ልጅ እያለህ ስላደረግከው የሚያስቅ ነገር ካለ እሷ ታውራላቸው» አልኩት። እብድ ነው ብሎ ሳይሆን አይቀርም። የኮፒውን ግን አላስከፈልኩትም።

ጥምቀት ላይ ታቦቱ ሲወርድ ጥላዋን አየኋት። ከፋዩ ፀሐይ መትቶት ትንሽ ነጣ ብሏል፣ ዘርፉ ግን እንዳለ ነው። አንድ ወጣት ዲያቆን ከፍ አድርጎ ይዟታል። እታለም በአገጯ እያሳየችኝ «ያንተ ጥላ» አለች።

«እታለም፣ ስለቱ ግን ለየትኛው ነው የተቆጠረው?» አልኳት። «ያኔ ያስገባሽው ሳልድን ነበር እኮ።»

ነጠላዋን አስተካከለች። «ዝም በልና ተራመድ» አለችኝ፤ ተራመድን።